ለጣሪያና ለፖት ተክል ሐሳብ ፍለጋ መናፈሻ ሲሄዱ ምን ይዩ?

ጥያቄ፦ «ቤታችን ጠፍጣፋ የሶሌታ ጣሪያ አለው። ግማሹን አረንጓዴ ማድረግ፣ በቀሪው ላይ ደግሞ ፖቶች መደርደር እፈልጋለሁ። በቅርቡ አንድ ትልቅ የሕዝብ መናፈሻ የማየት ዕድል አለኝ። ጣሪያ ላይ የተተከለ አትክልትና ብዙ የፖት ተክሎች እንዳሉት ሰምቻለሁ። ያለኝ ጊዜ ግማሽ ቀን ነው። ፎቶ ብቻ አንስቼ እንዳልመለስ ምን ልመልከት? ምንስ ልጠይቅ?»

ምላሽ፦ ከመሄድዎ በፊት መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከተመለሰ በኋላ ነው። ያኔ ስልኩ ውስጥ ያለው የአበባ ፎቶ ብቻ ይሆናል። የአበባ ፎቶ ደግሞ ተክሉ እዚያ ቦታ ላይ እንዴት ሊኖር እንደቻለ አይናገርም።

መሬት ላይ ያለ ተክል ሥሩን ወደፈለገው አቅጣጫ ይሰዳል። ውሃ ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲጠበው ወደ ጎን ይሄዳል። ጣሪያ ላይና ፖት ውስጥ ግን የሥሩን ቦታ የሚወስነው ሰው ነው። እዚያ የሚያዩት ነገር ሁሉ፣ ቁመቱም፣ አበባውም፣ በደረቅ ወቅት መትረፉም፣ ከአፈሩ ጥልቀት ይጀምራል። ስለዚህ የተክሉን ስም ጽፈው ጥልቀቱን ካልጻፉ ግማሹን መረጃ እዚያው ትተውት መጡ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመጻፍ ጊዜ ካለዎት ጥልቀቱን ይጻፉ እላለሁ። ስሙን በኋላም ከፎቶው ላይ ማግኘት ይቻላል።

ይህን በጣም ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። የአሜሪካው ቺካጎ ቦታኒክ ጋርደን እ.ኤ.አ. በ2009 የእጽዋት ጥበቃ የምርምር ሕንፃ ከፈተ። የሕንፃው ጣሪያ የተክል መሞከሪያ ነው። አፈሩ የተነጠፈው በሦስት ጥልቀት ሲሆን፣ አንዱ ወደ 10፣ ሌላው ወደ 15፣ ሦስተኛው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባለሙያዎቹ በየጥልቀቱ የትኛው ተክል እንደጸደቀና የትኛው እንደሞተ ለዓመታት ተከታትለው መዝግበዋል። እርስዎ የሚሄዱበት መናፈሻ እንዲህ ያለ ሙከራ ባይኖረውም በተመሳሳይ ዓይን ሊያዩት ይችላሉ። አንድ ዓይነት ተክል በሁለት ቦታ ካገኙ ቆም ይበሉ። ቀጭን አፈር ላይ ያለው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ጥልቅ አፈር ላይ ያለው ደግሞ ረዝሞ በነፋስ ተጋድሞ ሊያገኙት ይችላሉ። ጥልቀት ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። አፈሩ ሲጠልቅ ሣሩና አረሙም ይደሰታል፤ አጫጭሮቹን ተክሎች ይውጣቸዋል።

ለመነሻ ያህል እንዲህ ያስቡት። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አፈር ላይ በዋናነት የሚቆዩት ሴደም የሚባለው አጭር ተክልና ዘመዶቹ ናቸው። ወፍራም ቅጠላቸው ውሃ ያጠራቅማል። ውሃ ሲያጥራቸው የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። በዚህ መንገድ አየር የሚያስገቡት ፀሐይ በሌለበት ሰዓት ስለሆነ የሚያጡት ውሃ በጣም ይቀንሳል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጦስኝ፣ የሽንኩርት ወገን የሆኑ ትናንሽ ባለ አበባ ተክሎችና አጫጭር ሣሮች ይጨመራሉ። ከ20 በላይ ሲሆን ብዙ ዓይነት ባለ አበባ ተክሎች መግባት ይጀምራሉ። ቁጥቋጦ ከ40 እስከ 60 ይፈልጋል። ዛፍ ደግሞ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። እነዚህ ቁጥሮች እንደ አየሩና እንደ ውሃው ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ዋናው ቅደም ተከተላቸው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሴደም በድርቅ ወይም በብርድ ሲጨነቅ ወደ ቀይ ይለወጣል። ብዙ ጎብኚ ሊሞት ነው ብሎ ያዝንለታል። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሲያገኝ ወደ አረንጓዴው ይመለሳል። ቀይ ምንጣፍ የመሰለ ጣሪያ ካዩ «ይህ የሚቀላው በየትኛው ወቅት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ራሱን የቻለ ውበት ነው፤ እኔ በበኩሌ ከአረንጓዴው አስበልጬ እወደዋለሁ።

ጥልቀቱን እንዴት ላውቅ እችላለሁ ይሉ ይሆናል። መቆፈር አያስፈልግም፤ አይፈቀድምም። ተክሉ ከመሄጃው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ይዩ። አፈሩን የያዘው ብረት ወይም የድንጋይ ክፈፍ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ይነግርዎታል። በአንዳንድ መናፈሻዎች ጣሪያው እንደተቆረጠ ሆኖ ንጣፎቹን በየተራ የሚያሳይ ሞዴል ይቀመጣል። ካገኙት አይለፉት። ከታች የውሃ መከላከያው፣ ከሱ በላይ ሥር እንዳይበሳው የሚከለክለው ንጣፍ፣ ከዚያ ውሃ ማሳለፊያው፣ ከዚያ አፈሩ ወደ ታች እንዳይታጠብ የሚያጣራው ጨርቅ፣ ከዚያ አፈሩ፣ በመጨረሻ ተክሉ ነው። ከሁሉም ትልቁን ሥራ የሚሠራው ማንም ፎቶ የማያነሳው የታችኛው ንጣፍ ነው። ውሃ መከላከያው ካልተፈተነ ምንም ነገር አይተከልበትም። ከተተከለ በኋላ ቀዳዳ መፈለግ ማለት ሁሉንም ማንሳት ማለት ነው።

አፈር እያልኩ ስጽፍ ከመሬት የተቆፈረውን አፈር ማለቴ አይደለም። ጣሪያ ላይ የሚነጠፈው በብዛት ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ፑሚስ፣ የተፈጨ ጡብ ወይም በእሳት የተነፋ ሸክላ ነው። ኮምፖስቱ ጥቂት ነው። ብዙ ኮምፖስት ከገባ በየዓመቱ እየበሰበሰ አፈሩ ይሰምጣል፤ 10 ሳንቲ ሜትር የነበረው ከጥቂት ዓመት በኋላ 7 ሆኖ ያገኙታል። መሬቱ ጠጠር በጠጠር ሆኖ ቢያዩት «ችላ ተብሏል» አይበሉ። ታስቦበት ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ማለቴን ይታገሱኝ፤ ለርስዎ ቤት ወሳኙ ጉዳይ ይህ ነው። ውሃ የጠገበ የጣሪያ አፈር፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። 10 ሳንቲ ሜትር ከነጠፉ ከ100 እስከ 150 ኪሎ በካሬ ሜትር ማለት ነው። ተራ የጓሮ አፈር ሲረጥብ በሳንቲ ሜትር እስከ 20 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በላዩ ላይ ሰው ይቆማል፣ ዕቃ ይቀመጣል። ሶሌታው ይህንን ተሸክሞ ለዓመታት መቆየት አለበት።

መናፈሻ ውስጥ የሚያዩት ጣሪያ ግን ከመጀመሪያው ለዚያ ታስቦ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቺካጎ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ሉሪ ጋርደን ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ አለ። የሚንሸራሸረው ሰው ግን መሬት ላይ ያለ ይመስለዋል። የኒው ዮርኩ ሃይ ላይን ደግሞ የጭነት ባቡር ይሄድበት የነበረ ከፍ ያለ ሐዲድ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1980 ቆመ። በሰው አልባዎቹ ዓመታት ነፋስና ወፍ ያመጡት ዘር እዚያው በቀለ። የመናፈሻው ሐሳብም ከነዚያ ተክሎች መጣ። የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አፈሩ በአማካይ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። የሁለቱንም ቦታዎች ተከላ ያቀደው የኔዘርላንድሱ ፒት ኡዶልፍ ነው። ሥራው በጣም ያምራል፣ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን ባቡር ለመሸከም የተሠራ ብረት ላይ የቆመን ነገር የመኖሪያ ቤት ሶሌታ ላይ ልድገመው ማለት አደጋ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ያማረ ተከላ ሲያዩ «ከዚህ በታች ያለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ለርስዎ ጣሪያ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል የሚለውን የሚመልሰው የስትራክቸር መሐንዲስ ብቻ ነው። ከጉብኝቱ በፊት ቁጥሩን ቢያገኙ ደግሞ ጉብኝቱ ራሱ ይለወጣል። የማይሆነውን በሩቁ አድንቀው ያልፋሉ፤ የሚሆነው ጋ ጊዜዎን ያጠፋሉ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። በስዊድን ማልሞ ከተማ አውጉስተንቦርግ የሚባል ሠፈር አለ። በጎርፍ ሲቸገር የነበረ ሠፈር ነው። የዝናቡን ውሃ ከያዙለት ነገሮች መካከል ብዙ ቀጫጭን የሴደም ጣሪያዎች ይገኙበታል። ቀጭን መሆኑ ከጥቅም አያጎድለውም።

መናፈሻው ጣሪያ ላይ ሲወጡ ተክሉን ከማየትዎ በፊት ዳር ዳሩን ይዙሩ። በፓራፔቱ (በጣሪያው ዳር ባለው አጭር ግንብ) ሥር ተክል የሌለበት የጠጠር መስመር ያያሉ። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። በውሃ መውረጃዎቹ ዙሪያም እንዲሁ። ጀማሪ ሲያየው ባዶ የቀረ ቦታ ይመስለዋል፤ ተክል ሊጨምርበትም ያምረዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ነፋስ በኃይል ወደ ላይ የሚያነሳው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ነው፤ ጠጠሩ ያንን ይቋቋማል። ሥርና ቅጠል መውረጃውን እንዳይደፍነውም ይጠብቃል። መውረጃው ላይ ክዳን ያለው ሳጥን ካዩ ፎቶ ያንሱት። ክዳኑ የሚከፈተው ሰው በየጊዜው ገብቶ እንዲያጸዳው ነው። የርስዎም ጣሪያ ይህ ያስፈልገዋል።

ከዚያ የሞተውን ይፈልጉ። ከልቤ ነው የምለው፤ ከጉብኝቱ ብዙ የሚማሩት እዚህ ነው። የሳሳ ቦታ፣ የደረቀ ጥግ፣ አረም የበዛበት ክፍል ሲያዩ ዙሪያውን ይመልከቱ። አጠገቡ ትልቅ መስታወት አለ? ፀሐዩን መልሶ እየወረወረበት ይሆናል። የአየር ማቀዝቀዣው ትኩስ ነፋስ ይደርሰዋል? ግድግዳው ዝናቡን ከልክሎታል? በተቃራኒው ለምለም የሆነ ክፍል ካዩ ምናልባት ከሶላር ፓነል ሥር ጥላና የሚንጠባጠብ ውሃ አግኝቶ ይሆናል። የራስዎ ጣሪያም እንዲህ ያሉ ብዙ ትናንሽ የአየር ጠባዮች አሉት። አንድ ዓይነት ተክል ለሁሉም አይሆንም።

አትክልተኛ ካገኙ «እዚህ ምን ተክላችሁ ሞተባችሁ?» ብለው ይጠይቁ። «የቱ ያምራል?» ካሉት የሚያገኙት መልስ አጭር ነው። የሞተውን ከጠየቁት ግን ቁጭ ብሎ ያጫውትዎታል። ቀጥሎ የሚጠይቁት ውሃን ነው። መጀመሪያ ሲተከል ለምን ያህል ጊዜ ውሃ ይጠጣ ነበር? አሁንስ? አረሙ በዓመት ስንት ጊዜ ይነቀላል? ቀጭን የሴደም ጣሪያ እንክብካቤ አይፈልግም ሲባል እሰማለሁ፤ ልክ አይደለም። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አረም ሳይነቀል ከቀረ የተከሉትን ሳይሆን ነፋስ ያመጣውን ነው የሚያገኙት። ከዚያም በኋላ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መውጣት ግድ ነው።

ወደ ፖቶቹ እንሂድ። የመናፈሻ ፖት ዓይን ለመሳብ የሚሠራ ነው። ከጀርባው ችግኝ ቤት አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ በሙቀት ወቅት በየቀኑ የሚደርስ ውሃ አለ። ስለዚህ ፖቱን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ከኋላው ይመልከቱ። ቀጭን ጥቁር ቱቦ ከገባበት የጠብታ መስኖ አለው ማለት ነው። ቤትዎ ይህ ከሌለ ያንኑ ተክል በዚያው መጠን ፖት ማቆየት ከባድ ይሆናል። ወይ ፖቱን ማተለቅ፣ ወይ ተክሉን መቀየር ነው።

አደራደሩን በተመለከተ እንግሊዝ አገር ያለው ግሬት ዲክስተር የሚባል መናፈሻ በቤቱ ደጃፍ በሚደረድራቸው ፖቶች ይታወቃል። አብዛኛው ፖት የሚይዘው አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ነው። ጥምረቱ የሚፈጠረው ፖቶቹ ተጠጋግተው፣ ረዥሙ ከኋላ አጭሩ ከፊት ሲቀመጥ ነው። አበባው ያለፈበት ይነሳና ሌላ ይተካል። ይህ አሠራር ለጣሪያ በጣም ይመቻል። ውሃ የሚወደውንና የማይወደውን በአንድ ፖት አዳብለው አይቸገሩም። አንዱ ቢታመም ሌላውን አይነካም። ቦታ መቀያየርም ይችላሉ። ብዙ ዓይነት ተክል የታጨቀበት ትልቅ ፖት ለፎቶ ያምራል፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

የፖቱን ቅርጽም ይዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ውሃ ካጠጡ በኋላ የፖቱ ታች ላይ ሳይወርድ የሚቀር የውሃ ንብርብር አለ። ውፍረቱን የሚወስነው የአፈሩ ዓይነት ነው፣ የፖቱ ቁመት አይደለም። ማረጋገጥ ከፈለጉ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ አጥግበው አግድም ይያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁመቱ ያዙሩት። እንደገና ይንጠባጠባል። ፖትም እንደዚያው ነው። አጭርና ሰፊው ፖት ከረዥሙ ይልቅ የአፈሩ ትልቅ ክፍል እርጥብ ሆኖ ይቆያል። እርጥበት ለሚጠላ ተክል ረዘም ያለ ፖት ይሻላል። ከታች ጠጠር መጨመር ውሃውን ያወርዳል የሚባለውም አይሠራም፤ እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። ቀዳዳው ክፍት መሆኑ ይበቃል።

ከምን እንደተሠራም ይመዝግቡ። ያልተቀባ ሸክላ በጎኑ ውሃ ስለሚያተን ቶሎ ይደርቃል። ጥቁር ፕላስቲክ ወይም ቀጭን ብረት በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሥሩን ያሞቀዋል። ጣሪያ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ረዥምና ጠባብ ፖት በቀላሉ ይወድቃል። ክብደቱን ደግሞ አይርሱ። ስፋቱም ቁመቱም 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ፖት ወደ 50 ሊትር አፈር ይይዛል። ውሃ ሲጠግብ አፈሩ ብቻ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ፖቱ ራሱ ሳይቆጠር። እንዲህ ያሉ ብዙ ፖቶች በሶሌታው መሐል አይከመሩም። ግድግዳ ወይም ምሰሶ ወዳለበት ይጠጉ፤ ቦታውንም መሐንዲሱ ያሳይዎት።

ስለ ሰዓቱ አንድ ምክር አለኝ። ግማሽ ቀን ብቻ ካለዎት እኩለ ቀንን ያካትቱ። ጠዋት ሁሉም ተክል ጤነኛ ይመስላል። ፀሐይ ስትበረታ የቱ ፖት ቅጠሉን እንደሚጥል፣ የቱ ጸንቶ እንደሚቆም ያያሉ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጊዜ በደረቁ ወቅት መጨረሻ ላይ ይመለሱ። ከዝናብ በኋላ የሚያምር ጣሪያ ብዙ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ከዝናብ በፊት የሚቆመውን ነው።

ለእያንዳንዱ የወደዱት ነገር ሦስት ፎቶ ያንሱ። አንዱ የስም ሰሌዳው፣ አንዱ ከነዙሪያው ራቅ ብሎ፣ አንዱ ተክሉ ከአፈሩ የሚወጣበት ቦታ ከነጠርዙ። የስም ሰሌዳ የሌላቸው መናፈሻዎችም አሉ። ለምሳሌ ፔንሲልቬንያ ያለው ቻንቲክሊር ሰሌዳ አይተክልም፤ የተክሎቹን ዝርዝር በጽሑፍ ያቀርባል። ስለዚህ ሰሌዳ ካላዩ ዝርዝር እንዳላቸው ይጠይቁ። ተክሉን በሳይንሳዊ ስሙ ይመዝግቡ። ሴደም የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው፣ ጠባዩም ይለያያል። ቅርንጫፍ ወይም ዘር ግን ቆርጠው አይውሰዱ። አንድ ሰው የሚቆርጠው ትንሽ ነው፤ ጎብኚው ሁሉ ሲቆርጥ ግን የሚቀር ነገር የለም። ብዙ መናፈሻዎች ችግኝ ይሸጣሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት በአካባቢዎ እየተስፋፋ የሚያስቸግር ተክል አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ሲመለሱ በመጀመሪያ የራስዎን ጣሪያ በወረቀት ላይ ይሣሉት። መውረጃው የት ነው፣ ጥላው በስንት ሰዓት የት ይወድቃል፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል። ከዚያ በፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ተክሎች አንድ በአንድ ወደ ሥዕሉ ያምጡ። ተመሳሳይ ጥልቀትና ተመሳሳይ ፀሐይ የሌላቸውን ያውጡ። ከቀሩት ውስጥ አምስት ስድስት ዓይነት መርጠው መሐንዲሱ በፈቀደው ቦታ ላይ ጥልቀታቸው 10 እና 15 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት ዝቅተኛ ሣጥኖች ይትከሏቸው። በሁለቱም ሣጥን ውስጥ ያሉት ተክሎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንድ ደረቅ ወቅትና አንድ ዝናባማ ወቅት ካለፋቸው በኋላ ሙሉውን ጣሪያ በስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚያነጥፉና በየትኛው ተክል እንደሚሸፍኑ መወሰን ይችላሉ።